ቶምካት ክላስተር ላይ ሰርቨር ሲወርድ ተጠቃሚው ለምን እንደገና ሎግኢን ይጠየቃል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ የሰው ኃይልና የደመወዝ ሶፍትዌር በሦስት ቨርቹዋል ማሽኖች ላይ በቶምካት 9 (የጃቫ አፕሊኬሽን ሰርቨር) ይሠራል፣ ሦስቱ በክላስተር፣ ማለትም እንደ አንድ ሆነው እንዲሠሩ ተያይዘዋል፤ ከፊት ኤንጂንኤክስ የተባለው ሎድ ባላንሰር (ሥራ አከፋፋይ) በአይፒ ሃሽ፣ ማለትም በተጠቃሚው አይፒ አድራሻ እየለየ፣ ያከፋፍላል። ሲነሣ ሦስቱም ይተያያሉ፤ ከ4 ደቂቃ በኋላ ግን ሎጉ ላይ «ሜምበር ዲስአፒርድ» (አባል ጠፋ) ይመጣል። አንዱ ሰርቨር ሲወርድ እዚያ የነበሩ ሠራተኞች ሁሉ እንደገና ፓስወርድ ይጠየቃሉ። ሥራው ደግሞ ሁልጊዜ አንደኛው ሰርቨር ላይ ይከመራል።

አንድ ችግር ቢመስልም ሦስት ነው፣ ምክንያቱም ለየብቻ ነው። መጀመሪያ ሰርቨሮቹ መተያየታቸውን፣ ቀጥሎ ሴሽኑ (ሰርቨሩ ሎግኢን ስላደረገው ተጠቃሚ የሚይዘው መረጃ) ወደ ሌሎቹ መሻገሩን፣ በመጨረሻ ሎድ ባላንሰሩ ወዴት እንደሚልክ አረጋግጡ። ይህን ቅደም ተከተል ዘሎ የኤንጂንኤክስ ቅንብር መነካካት ውሃ መውቀጥ ነው።

ከ4 ደቂቃዋ እንነሣ፤ ቁጥሯ ራሷ ትናገራለች። ቶምካት ሰርቨሮቹን የሚያስተዋውቀው በመልቲካስት (አንድ መልእክት ለብዙ ተቀባይ በአንዴ በመላክ) ነው፦ አድራሻው 228.0.0.4፣ ዩዲፒ ፖርቱ 45564፣ በየ500 ሚሊሰከንዱ አንድ «አለሁ» የሚል መልእክት። ለ3 ሰከንድ ድምፁ ያልተሰማ ሰርቨር እንደጠፋ ይጠረጠራል። ስዊቻችሁ ላይ አይጂኤምፒ ስኑፒንግ (መልቲካስትን ለፈለገው ብቻ የሚያደርስ ቅንብር) በርቶ «ይህን መልቲካስት ማን ይፈልጋል?» እያለ በየጊዜው የሚጠይቅ ኩዌሪየር ከሌለ፣ ስዊቹ ቶምካት ሲነሣ የላከውን የመቀላቀያ መልእክት ይመዘግባል፤ የሚያድስለት ሲያጣ ይሰርዘዋል። የተለመደው የመሰረዣ ጊዜ 260 ሰከንድ ነው፣ ማለትም 4 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ። ሦስቱን አንድ ላይ ስታስነሡ ሁሉም ደህና መስሎ፣ በኋላ አንዱን ብቻ ሪስታርት ስታደርጉ የማይገናኙትም ለዚህ ነው፤ አዲስ የተነሣው ሌሎቹን ይሰማል፣ እነሱ ግን የእሱን ድምፅ አይሰሙም።

መፍትሔው ሁለት ነው። የኔትወርክ ባለሙያው በዚያ ቪላን (በስዊቹ ላይ ተለይቶ የተከፈለ ኔትወርክ) ላይ ኩዌሪየር ያብራ፣ ወይም መልቲካስቱን ትታችሁ አባላቱን በስም ዘርዝሩ። ቁጥራቸው የማይለዋወጥ ሦስት ሰርቨሮች ካሏችሁ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ስዊች በተቀየረ ቁጥር ክላስተሩ አይናጋም። በሰርቨር ኤክስኤምኤል (የቶምካት ዋና ቅንብር ፋይል) ውስጥ የክላስተሩን «ቻናል ስታርት ኦፕሽንስ» 3 አድርጉት፤ ይህ መልቲካስቱን ያጠፋል። ከዚያ «ስታቲክ ሜምበርሺፕ ኢንተርሴፕተር» ጨምራችሁ የሁለቱን ሌሎች ሰርቨሮች አይፒና ፖርት ጻፉ፣ የራሱን ግን አትጻፉ። እያንዳንዱ አባል 16 ቁጥሮች ያሉት «ዩኒክ አይዲ» ይፈልጋል፤ እዚህ ላይ ኮፒ ፔስት ብዙ ሰው ይጥላል፣ ሁለት አባላት አንድ ዓይነት መለያ ከያዙ አንዱ እንደሌለ ይሆናል። መልቲካስት ሲጠፋ የ«አለሁ» መልእክቱም ስለሚቀር «ቲሲፒ ፒንግ ኢንተርሴፕተር»ን አስገቡ። «ቲሲፒ ፌይለር ዲቴክተር»ን ደግሞ በምንም ምክንያት አታውጡ። ድምፁ የጠፋውን አባል በቲሲፒ አንኳኩቶ የሚያጣራው እሱ ነው፤ እሱ ከሌለ በጋርቤጅ ኮሌክሽን (ጃቫ ሜሞሪውን ሲያጸዳ) ለ4 ሰከንድ የቆመ ሰርቨር እንደሞተ ይቆጠራል።

አንድ ወጥመድ ይቀራል፣ በተለይ ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን ላይ ከሆናችሁ። የቶምካት «ሪሲቨር» (ከሌሎቹ አባላት መልእክት የሚቀበለው ክፍል) አድራሻ «አውቶ» ከተባለ የማሽኑን ስም ጠይቆ የሚመጣለትን አይፒ ይይዛል። በእነዚህ ሲስተሞች ላይ የሆስትስ ፋይሉ የማሽኑን ስም 127.0.1.1 ላይ ስለሚያስር ሰርቨሩ ለሌሎቹ «እዚህ አግኙኝ» ብሎ የሚሰጠው ይህንን ይሆናል፤ እነሱም ሲደውሉ ራሳቸውን ያገኛሉ። ሎጉ ላይ የአባሉ አድራሻ 127፣ 0፣ 1፣ 1 ሆኖ ከታየ ነገሩ ይኸው ነው። «አውቶ»ን አውጥታችሁ እውነተኛውን አይፒ ጻፉ፤ በሰርቨሮቹ መካከል ብቻ ቲሲፒ 4000ን በፋየርዎሉ ክፈቱ። ፖርቱ ከተያዘ ቶምካት ከ4000 ወደ ላይ እየፈለገ ሌላ ይይዛልና፣ አንድ ማሽን ላይ ሁለት ቶምካት ካለ የሁለተኛውን ፖርት ራሳችሁ ወስኑ።

መተያየታቸው ተረጋግጧል እንበል። ሴሽኑስ?

መጀመሪያ የአፕሊኬሽኑን ዌብ ኤክስኤምኤል ክፈቱና «ዲስትሪቢዩተብል» የሚለው መስመር መኖሩን እዩ። ከሌለ ቶምካት ምንም ስህተት አያወጣም፤ ዝም ብሎ ተራውን የሴሽን ማኔጀር ይሰጠዋል፣ አባላቱም እየተያዩ አንድ ሴሽን ሳይሻገር ዓመት ያልፋል። የእናንተን ምልክት ሳየው ቅድሚያ የምጠረጥረው ይህን ነው። መስመሩ ካለ ሲነሣ ሎጉ ላይ ማኔጀሩ ከሌላ አባል «ሴሽን ስቴት» ሲጠይቅና 60 ሰከንድ እንደሚጠብቅ ሲናገር ታያላችሁ።

መስመሩን ስትጨምሩ ከዚህ በፊት ያልነበሩ ስህተቶች ብቅ ይላሉ፣ አትደንግጡ። ሴሽን ውስጥ የሚገባ ነገር ሁሉ «ሲሪያላይዘብል» (ወደ ባይት ተለውጦ በኔትወርክ ሊላክ የሚችል) መሆን አለበት። ክላሱ ራሱ ካልሆነ ሴሽኑ ውስጥ ሲቀመጥ ወዲያው «ኢሊጋል አርጊውመንት» ይወረወራል፤ ይህ ደህናው ነው፣ ቦታውን ያሳያል። የሚያስቸግረው ክላሱ ሆኖ በውስጡ የያዘው ፊልድ ያልሆነ እንደሆነ ነው፤ የዳታቤዝ ኮኔክሽን፣ ሎገር ወይም የስፕሪንግ ሰርቪስ በስህተት የያዘ ኦብጀክት ማለት ነው። ያን ጊዜ ስህተቱ የሚታየው ሴሽኑ ሊላክ ሲል ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ፊልድ «ትራንዚየንት» (አብሮ የማይላክ) አድርጉት፣ ከተቻለ ግን ጭራሽ ከሴሽን አውጡት።

ከሁሉ የሚያሳስተው የሚከተለው ነው። «ዴልታ ማኔጀር» (በክላስተር ላይ የሴሽን ለውጦችን ለሌሎቹ የሚልከው ማኔጀር) ለውጥ መኖሩን የሚያውቀው «ሴት አትሪቢዩት» ሲጠራ ነው። ፕሮግራመሩ የሠራተኞችን ዝርዝር ከሴሽን አውጥቶ አንድ ስም ቢጨምርና መልሶ ባያስቀምጠው፣ እዚያው ሰርቨር ላይ ለውጡ ይታያል፣ ሌሎቹ ላይ ግን የድሮው ይቀራል። በአንድ ሰርቨር ሲሞከር እንከን የለውም፤ ችግሩ የሚታየው ሰርቨር የወረደ ቀን ነው። ኮዱን «ጌት አትሪቢዩት» እያላችሁ ፈልጉ፤ የወጣው ነገር ከተቀየረ መጨረሻ ላይ «ሴት አትሪቢዩት» ይኑር።

ሴሽኑንም አሳንሱት። የተጠቃሚው መለያ፣ መብቱና ቋንቋው ይበቃል። የ2,000 ሠራተኞች የደመወዝ ሪፖርት ሴሽን ውስጥ ከተቀመጠ በ«ዴልታ ማኔጀር» ሦስቱም ሰርቨሮች የሁሉንም ተጠቃሚ ሪፖርት በሜሞሪ ይሸከማሉ ማለት ነው። ይህ ማኔጀር ሁሉን ለሁሉ የሚልክ ስለሆነ የሚስማማው ለትንሽ ክላስተር ነው። ከአራት ሰርቨር በላይ ስትሄዱ ለአንድ መጠባበቂያ ብቻ የሚልከውን «ባክአፕ ማኔጀር» ተመልከቱ፣ ወይም ሴሽኑን ወደ ሬዲስ (ዳታን በሜሞሪ የሚይዝ የጋራ ማከማቻ) አውጡት። ለሦስት ግን ያላችሁ ይበቃል፤ ሬዲስ ብትጨምሩ እሱም ራሱ እንዳይወድቅ የሚጠበቅ ሌላ ሰርቨር ይሆንባችኋል።

ሁለት ቅንብሮችን አረጋግጡ። «ኤክስፓየር ሴሽንስ ኦን ሻትዳውን» ፎልስ ይሁን፤ ትሩ ከሆነ አንዱን ሰርቨር በሥርዓት ስታጠፉ ሴሽኖቹ በሁሉም ላይ ይሞታሉ። «ቻናል ሴንድ ኦፕሽንስ» ካልነካችሁት 8 ነው፤ መልሱ ለተጠቃሚው ይሄዳል፣ ቅጂው ከኋላ ይከተላል። 6 ብታደርጉት ሌሎቹ ሰርቨሮች «ደረሰኝ» እስኪሉ ጥያቄው ይጠብቃል፣ አንዱ ሲንቀራፈፍ ሁሉም ይንቀራፈፋል። ተጠቃሚው አንድ ሰርቨር ላይ ከረጋ 8 ጥሩ ነው።

መርጋቱ የሎድ ባላንሰሩ ሥራ ነው፣ እናንተ ጋ የተበላሸውም እሱ ነው። የኤንጂንኤክስ አይፒ ሃሽ ከአይፒ ቪ4 አድራሻ የሚያየው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች ብቻ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት በሙሉ በአንድ 10.1.5 ኔትወርክ ከሆነ ሁሉም ወደ አንድ ሰርቨር ይሄዳል፤ ቅርንጫፎቹ በአንድ ፕሮክሲ ከወጡም እንዲሁ። በኩኪ ወደሚያረጋ ሎድ ባላንሰር ሂዱ። ኤችኤ ፕሮክሲ ራሱ ኩኪ ያስገባል፦ «ኩኪ»፣ ስሙ፣ ቀጥሎ «ኢንሰርት ኢንዳይሬክት ኖካሽ»፤ ማከፋፈያው «ሊስት ኮን» (ትንሽ ግንኙነት ወዳለው ሰርቨር የሚልክ)፣ «ኦፕሽን ሪዲስፓች» ይጨመር። ካልነካችሁት በየ2 ሰከንዱ ይፈትሻል፣ 3 ጊዜ ከከሸፈ ሰርቨሩን ያወጣል፣ 2 ጊዜ ከተሳካ ይመልሳል። መፈተሻ ገጹ ግን ዳታቤዝ አይንካ፤ ዳታቤዙ ትንሽ በዘገየ ቁጥር ሦስቱም ሰርቨሮች አንድ ላይ ይወጡና ቀርፋፋ የነበረው ጭራሽ ይዘጋል።

ኤንጂንኤክስ ላይ መቆየት ግድ ከሆነ ለእያንዳንዱ ቶምካት የተለየ «ጄቪኤም ሩት» ስጡ፤ ስሙ ከነጥብ በኋላ ሴሽን መለያው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ የኤንጂንኤክስ «ማፕ» ቅንብር ጥያቄውን በዚያ ጫፍ መምራት ይችላል። «ጄቪኤም ሩት ባይንደር ቫልቭ»ንም ጨምሩ፤ ሰርቨር ወድቆ ተጠቃሚው ሲዛወር ጫፉን ወደ አዲሱ ሰርቨር ይቀይርለታል። የኤንጂንኤክስ የመገናኛ ጊዜ 60 ሰከንድ ነው፤ ማሽኑ በመብራት መጥፋት ከቆመ «እምቢ» የሚል መልስ እንኳ አይመጣምና ተጠቃሚው ደቂቃ ሙሉ ይጠብቃል። ወደ 3 ሰከንድ አውርዱት።

አሁን ስላልጠየቃችሁት ግን በደመወዝ ሶፍትዌር ላይ ከሎግኢኑ ስለሚብሰው ጉዳይ። በሰዓት የሚነሡ ሥራዎች ሦስቱም ሰርቨሮች ላይ ይነሣሉ። ወርኃዊ ስሌቱ ወይም ወደ ባንክ የሚሄደው ፋይል በስፕሪንግ «ስኬጁልድ» የሚነሣ ከሆነ ሦስት ጊዜ ሊሠራ ይችላል። ኳርትዝን (በሰዓት የሚነሡ ሥራዎችን የሚያስተዳድር የጃቫ ላይብረሪ) ከዳታቤዝ ጆብ ስቶር ጋር ተጠቀሙና «ኢዝ ክላስተርድ» ትሩ አድርጉ። የሦስቱ ማሽኖች ሰዓት ከ1 ሰከንድ በላይ መለያየት የለበትም፣ ስለዚህ በኤንቲፒ አስተካክሉ። በተጨማሪም ስሌቱ ራሱ «ለዚህ ወር ተሠርቷል ወይ?» ብሎ በዳታቤዝ ዩኒክ ኮንስትሬንት ይጠበቅ፤ የሰው ደመወዝ ነውና አንድ መከላከያ አይበቃም።

የዳታቤዝ ኮኔክሽኑንም ደምሩ። ፖስትግሬስ ካልነካችሁት 100 ይቀበላል፣ 3ቱ ለአስተዳዳሪው የተያዙ ናቸው። በየሰርቨሩ ፑሉ (ተከፍተው የሚቆዩ ኮኔክሽኖች ብዛት) 40 ከሆነ 3 ጊዜ 40 120 ነው፤ ሥራ ሲበዛ ዳታቤዙ እምቢ ይላል። 25 አድርጉት፣ 75 ይሆናል፣ ለሪፖርትና ለጥገናም ይተርፋል። የሚሰቀሉ ፋይሎች ደግሞ የጋራ ስቶሬጅ ላይ ይሁኑ፣ ሎካል ዲስክ ላይ ከቀሩ ከሦስት አንዱ ብቻ ያገኛቸዋል።

ፖርት 4000ን ለቅርንጫፍ ኔትወርክ በፍጹም አትክፈቱ። በእሱ የሚገባው ሲሪያላይዝ የተደረገ የጃቫ ኦብጀክት ነው፣ ቶምካትም ላኪውን ማንነቱን አይጠይቅም። የተለየ ቪላን ስጡት፤ «ኢንክሪፕት ኢንተርሴፕተር»ን ከ«ፌይለር ዲቴክተር» በፊት አስቀምጡና ለሦስቱም አንድ ዓይነት ቁልፍ ስጡ። ቁልፉ ለ128 ቢት 32 የሄክሳ ቁጥሮች ነው።

ሁሉን ስትጨርሱ በሁለት መንገድ ፈትኑ፣ ሁለቱ የተለያየ ነገር ያሳያሉ። ሎግኢን አድርጋችሁ የቶምካቱን ፕሮሰስ በኪል ማይነስ 9 ግደሉት፤ ሲስተሙ ሶኬቶቹን ስለሚዘጋ ሌሎቹ ወዲያው ያውቃሉ። ቀጥሎ ፕሮሰሱን ሳትነኩ የማሽኑን ትራፊክ በፋየርዎል «ድሮፕ» አድርጉት፤ ይህ ኬብል የተነቀለ ያህል ነው፣ የጊዜ ቅንብሮቻችሁ የሚፈተኑት እዚህ ላይ ነው። በሁለቱም ጊዜ ገጹን ስታድሱ ፓስወርድ ካልተጠየቃችሁ ሠርቷል። ፈተናውን ቶምካቶቹ ከተነሡ 10 ደቂቃ ካለፈ በኋላ አድርጉት፣ አለበለዚያ 260 ሰከንዷ ታታልላችኋለች። አሁንም ካስወጣችሁ የሦስቱንም ሰርቨሮች የመነሻ ሎግ፣ የዌብ ኤክስኤምኤሉን መጀመሪያና የክላስተሩን ክፍል፣ ቁልፉን ሰርዛችሁ እዚህ ለጥፉ።