ሮቦቱ የቱ ጋ ብረት ይልበስ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ከጎንደርና ከአካባቢዋ የደረሱን ናቸው። ሁሉም የሚያነሱት በወታደራዊ የምድር ሮቦቶች ላይ ነው፤ ፈንጂ ስለሚያመክኑት፣ ስንቅና ጥይት ስለሚያመላልሱት፣ ቁስለኛ ስለሚያወጡት። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገናል።

ጥያቄ፦ አዘዞ የብየዳ ሥራ እሠራለሁ። ሮቦቱን ዙሪያውን በ10 ሚሊ ላሜራ ቢያለብሱት ጥይት አይመታውም ነበር። ለምን እንዲህ አያደርጉም?

መልስ፦ ከሚዛኑ እንጀምር። ስፋቱ 1 ካሬ ሜትር፣ ውፍረቱ 1 ሚሊ የሆነ ብረት 7.85 ኪሎ ይመዝናል። ርዝመቱ 90፣ ወርዱ 60፣ ቁመቱ 35 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሮቦት ስድስቱም ገጾቹ ሲደመሩ 2.13 ካሬ ሜትር ይሆናሉ። በ10 ሚሊ ሲሸፍኑት ልብሱ ብቻ 167 ኪሎ ነው። 60 ኪሎ የነበረው ማሽን 227 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። ዳገት ላይ ከሞተሩ የሚጠየቀው ጉልበት ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል፤ በአንድ ባትሪ 4 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረውም 1 ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ ይቆማል። ሞተሩን ቢያሳድጉት ባትሪው ማደግ አለበት፤ ባትሪው ሲያድግ ሳጥኑ ይሰፋል፤ ሳጥኑ ሲሰፋ ደግሞ ሌላ ብረት ይፈልጋል። የጎንደር ሰው ይህን ከታሪክ ያውቀዋል፤ አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል 7 ቶን ገደማ ስለነበር፣ መንገድ እየተጠረገለት መቅደላ እስኪደርስ ወራት ፈጅቷል።

ታንክ ያን ሁሉ ብረት የሚችለው ትልቅ ስለሆነ ነው። የአንድ ሳጥን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት እጥፍ ሲሆኑ ገጹ 4 እጥፍ፣ ሆዱ ግን 8 እጥፍ ያድጋል። ትንሽ ማሽን በተቃራኒው ከሆዱ ይልቅ ቆዳው ይበዛል፤ እያንዳንዱ ሚሊ የሚከብደው ለእሱ ነው።

ሌላው፣ ተራ ላሜራና የጋሻ ብረት አንድ አይደሉም። ለጋሻ የሚያገለግለው ጥንካሬው 500 ብሪኔል (የብረት ጥንካሬ መለኪያ ነው) አካባቢ የሆነ ብረት ነው፤ ከዚህ ዓይነቱ ከ6 እስከ 7 ሚሊ የሚሆነው ተራውን የ7.62 የጠብመንጃ ጥይት ሊመልስ ይችላል። ብረት ወጊ ጥይት ከሆነ ግን አይበቃም። ለእርስዎ ሙያ የሚጠቅመው ደግሞ ይህ ነው፦ እንዲህ ያለ ብረት ከ200 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ጥንካሬውን ማጣት ይጀምራል። ስለዚህ ብየዳው አጠገብ ያለው መስመር ከሌላው ይለሰልሳል፤ ጥይቱም የሚያልፈው በዚያ ነው። ባለሙያዎች የብየዳውን መስመር ለጥይት ከሚጋለጠው ገጽ ያርቁታል ወይም ከኋላው ተደራቢ ጠፍጣፋ ብረት ያደርጉለታል። በአጫጭር መስመር ይበይዳሉ፣ በመካከሉም እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃሉ። እርጥበት የጠጣ ኤሌክትሮድ ሃይድሮጅን ያስገባና ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግሥቱ፣ መገጣጠሚያውን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ 7018 ኤሌክትሮድ ከ300 እስከ 350 ዲግሪ በሚሆን ምድጃ ለ1 ወይም ለ2 ሰዓት ሳይደርቅ ለዚህ ሥራ አይነካም። በብየዳ ፈንታ በቡሎን ማሰርም የተለመደ ነው፤ የተመታው ገጽ ተፈትቶ ይቀየራል።

ብረቱን ማዘንበል ክብደት ይቀንሳል የሚሉም አሉ። 6 ሚሊ ብረት 45 ዲግሪ ሲያዘነብል በአግድም ለሚመጣ ጥይት 8.5 ሚሊ ይሆንበታል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ያንኑ ከፍታ ለመሸፈን ብረቱም በዚያው ልክ መርዘም ስላለበት ኪሎው አይቀንስም። ትርፉ ጥይቱ ተንሸራቶ የመሄድ ዕድሉ መጨመሩ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ጥበቃ በመጠኑ የሚጨመር ነገር አለመሆኑ ነው። የክላሽ ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ የሚይዘው ጉልበት 2,000 ጁል ገደማ ነው፤ ለዚያ የሚበቃ ብረት መሥራት ይቻላል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው መሣሪያ ጉልበት ግን ከዚህ እጅግ የራቀ ነው፤ የአርፒጂ 7 የድሮው ተተኳሽ እንኳ ከ250 ሚሊ በላይ ብረት ይበሳል። ለእሱ 6 ሚሊም 10 ሚሊም አንድ ናቸው። በ6 እና በ10 ሚሊ መካከል የጨመሩት 67 ኪሎ በዚህ ፊት ምንም አልገዛም። ፀረ ታንክ ፈንጂዎችም በአብዛኛው የሚፈነዱት ከ100 ኪሎ በላይ ጫና ሲያርፍባቸው ነው። 60 ኪሎው ሮቦት ሳይነካካቸው ሊያልፍ ይችል የነበረውን፣ ብረት የለበሰው ራሱ ሊቀሰቅሰው ይችላል። ያረጀና የተነካካ ፈንጂ ግን ይህን ሕግ ስለማያከብር ቀላልነት ዋስትና አይደለም።

እኛ የምንለው ሮቦቱን ትተው ሳጥኑን ያልብሱ ነው። ባትሪውና የመቆጣጠሪያ ሰሌዳው 30 በ25 በ20 ሴንቲ ሜትር በሆነ አንድ ሳጥን ቢሰበሰቡ ገጹ 0.37 ካሬ ሜትር ነው። በ6.5 ሚሊ የጋሻ ብረት 19 ኪሎ ይሆናል። ከ167 ጋር ያወዳድሩት። የቀረው አካል ቢመታ በመለዋወጫ ይተካል፤ ውስጡ ሰው የለምና።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ስልክና ሬዲዮ እጠግናለሁ። ሮቦቱ ከፋሲል ግቢ አጥር ዓይነት የድንጋይ ግንብ ጀርባ ቢገባ ግንኙነቱ ይቀጥላል?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ አይቀጥልም፤ ከጥይት ይልቅ ብዙ ሮቦት የሚያቆመውም ይኸው ነው። በሶርያ የተሞከረው የሩስያው የውጊያ ሮቦት ዩራን 9 እንደታቀደው በ3 ኪሎ ሜትር ሳይሆን ሕንጻ በበዛበት ቦታ ከ300 እስከ 500 ሜትር ላይ ነበር ግንኙነቱ የሚቋረጠው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ዘገባ 17 ጊዜ እስከ 1 ደቂቃ፣ 2 ጊዜ ደግሞ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል መጥፋቱን ይናገራል። ከ10 ቶን የማያንስ ብረት ለበስ ማሽን ነው፤ ብረቱ ለዚህ አልረዳውም።

ግንብ ባይኖርም መሬቱ ራሱ ችግር ነው። በ2.4 ጊጋኸርትዝ 1 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚያወራ ሬዲዮ፣ መሐል መንገድ ላይ በቀጥታው መስመር ዙሪያ 5.6 ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ይፈልጋል። የሮቦቱ አንቴና ያለው ግን ከመሬት ግማሽ ሜትር ላይ ነው። ወደ 400 ሜጋኸርትዝ ሲወርዱ ሞገዱ መሰናክልን በተሻለ ያልፋል፤ ነገር ግን ጥርት ያለ ቪዲዮ ለመሸከም ይጠበዋል፣ ሩብ ሞገድ የሆነው አንቴናም ከ3 ሴንቲ ሜትር ወደ 19 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። በዚህ የተነሳ ብዙዎች ትእዛዙን በዝቅተኛው፣ ምስሉን በከፍተኛው ሞገድ ይልካሉ። ምስሉ ቢቋረጥ እንኳ «ቁም» የሚለው ትእዛዝ ይደርሳል።

አንቴናን በብረት መሸፈን አይቻልም፤ ብረቱ ሞገዱን ያፍነዋል። የሚቻለው ሁለት አንቴና በሁለት ጫፍ መትከል፣ መታጠፍ የሚችል ዘንግ ላይ ከፍ ማድረግና አስተላላፊ ሬዲዮ ኮረብታ ላይ ወይም በድሮን አናት ላይ ማኖር ነው። ሽቦም ሌላ መንገድ ነው፤ ጠላት በሬዲዮ ሊያፍነው አይችልም። ፈንጂ ተሸካሚው የጀርመኑ ጎልያድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከ7,500 በላይ ተሠርቶ በሽቦ ይመራ ነበር፤ ሽቦው ሲበጠስ ግን እዚያው ይቀራል። ዛሬ የሚጎተተው የመስታወት ክር (ፋይበር) ሆኗል። ድንጋይና ቁጥቋጦ ላይ መቀርጠፉ ግን አልቀረም፤ በተለይ ሮቦቱ ወደ ኋላ ሲመለስ የገዛ ክሩን ይረግጣል።

ጥያቄ፦ ካሜራው ጥይት የማይበሳው መስታወት ቢደረግለትስ?

መልስ፦ ይደረጋል፤ ነገር ግን ጭቃና አቧራ ከጥይት ቀድመው ያሳውሩታል። የሚቀየር ስስ መስታወት፣ ትንሽ የውሃ መርጫና አቅጣጫቸው የተለያየ ሁለት ርካሽ ካሜራዎች ከአንድ ወፍራም መስታወት ይሻላሉ።

ጥያቄ፦ ደንቢያ ትራክተር እነዳለሁ። በክረምት ዋልካው ላይ ጎማ ይሻላል ወይስ ሰንሰለት?

መልስ፦ ለዋልካ ሰንሰለት። 60 ኪሎው ሮቦት በሁለት ሰንሰለት፣ እያንዳንዱ 70 በ10 ሴንቲ ሜትር መሬት ቢነካ፣ በካሬ ሴንቲ ሜትር 0.04 ኪሎ ያህል ብቻ ይጫናል። አራት ጎማ እያንዳንዱ 60 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢነካ ጫናው 0.25 ይሆናል። በብረት 227 ኪሎ ያደረጉትን ባለ ጎማ ደግሞ ያስቡት፤ 0.95 ገደማ፣ ይሰምጣል።

ሰንሰለት የራሱ ድካም አለው። አንዱ ሲበጠስ ወይም ሲወልቅ ሮቦቱ ባለበት ይሽከረከራል። የሚወልቀው አብዛኛውን ጊዜ ጥርሱ ውስጥ ድንጋይ ሲገባ፣ ጭቃው ሲደርቅበት ወይም ጎን ለጎን በተዳፋት ላይ እያለ ባለበት ሲዞር ነው። መድኃኒቱ ውጥረቱን ሁልጊዜ ከመውጣቱ በፊት መፈተሽና ተዳፋት ላይ በሰፊው መዞር ነው። ባለ 6 ጎማ ሆኖ እያንዳንዱ ጎማ የራሱ ሞተር ካለው አንዱን አጥቶ ይመለሳል፤ ደረቅና ድንጋያማ መሬት ላይ እኛ የምንመርጠው ይህን ነው። የኢስቶኒያው ባለ ሰንሰለት ሮቦት ቴሚስ ባትሪውንና ጄኔሬተሩን የያዘው በሁለቱ የሰንሰለት ክፍሎች ውስጥ ነው። መሐሉ ለጭነት ነፃ ይሆናል፣ የክብደቱ ማዕከልም ወደ መሬት ዝቅ ይላል፤ በአንጻሩ ሰንሰለቱን ያገኘው ምት ለኃይል ምንጩም ይተርፋል።

ጥያቄ፦ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ተማሪ ነኝ። ባትሪው በጥይት ቢመታ ይፈነዳል? የከተማችን ከፍታስ ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ ሊቲየም ባትሪ ሲበሳ ውስጡ ይገናኝና ይግላል፤ አንዱ ሴል የጎረቤቱን ያቀጣጥላል። ስለዚህ ባትሪውን በሳጥኑ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ከፋፍለው፣ በመካከሉ ሙቀት የማያስተላልፍ ግድግዳ አድርገው፣ ለእያንዳንዱ የራሱን ፊውዝ ይስጡት። ጋዙ የሚወጣበት ቀዳዳ ደግሞ ወደ ታች ይሁን፤ ጥርቅም ያለ የብረት ሳጥን ጋዙን ሲያጠራቅም እውነተኛ ፍንዳታ ይሆናል። ሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚባለው የባትሪ ዓይነት ለመቀጣጠል ይዘገያል፤ ለዚያው ጉልበት ግን የበለጠ ኪሎ ይጠይቃል።

ከፍታውን በተመለከተ፣ 2,100 ሜትር አካባቢ አየሩ ከባሕር ጠለሉ 80 በመቶ ገደማ ብቻ ይከብዳል። ማራገቢያው ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚወስደው ሙቀት ይቀንሳል፤ ተርቦ የሌለው ጄኔሬተርም ከጉልበቱ አምስተኛ ያህል ያጣል። ብረት ለብሶ የታፈነ የሞተር መቆጣጠሪያ ዳገት መሐል ራሱን የሚያጠፋው በዚህ ነው። ሰሌዳውን በቀጥታ ከወፍራም አሉሚኒየም ጋር አጣብቀው ሙቀቱን ወደ ሻሲው ይልቀቁት፤ በማራገቢያ ብቻ አይተማመኑ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ ወታደር ነኝ፤ ማራኪ እኖራለሁ። ቆሞ የቀረውን ሮቦት ማን ያወጣዋል?

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባውን ጠየቁን። ሮቦቱ የተላከው ሰው እንዳይሞት ነው። ውድ ስለሆነ ብቻ ሁለት ወታደር ሊያመጣው ከሄደ የተላከበት ምክንያት ፈረሰ። አደጋው በተለይ የሚበዛው ብረት ለበሱ ላይ ነው፤ 60 ኪሎውን ሁለት ሰው ተሸክሞ ይሮጣል፣ 227 ኪሎውን ግን ስድስት ሰውም እየጎተተ መሬት ላይ ይቆያል።

ስለዚህ ከመውጣቱ በፊት ሦስት ነገር ይወሰን። ግንኙነቱ ሲጠፋ ሮቦቱ ምን ያድርግ? ቆሞ ለምሳሌ 30 ሰከንድ ይጠብቅና በመጣበት ዱካ ግንኙነት ወደነበረበት ቦታ ይመለስ። ሲቆምስ በምን ይሳባል? ከፊትም ከኋላም የመጎተቻ ቀለበት ይበየድለት፤ የሞተሩ ፍሬን ከውጭ በአንድ እጀታ የሚፈታ ይሁን፣ አለዚያ ሌላ ሮቦት ቢመጣም ተነክሶ የቆመ ሰንሰለት አይጎትትም። ሦስተኛው፣ እስከ የት ድረስ ሰው አይሄድለትም የሚለው ነው። ይህ መስመር ካርታ ላይ ተሰምሮ አዛዡ ቀድሞ ይፈርምበት፤ ተኩስ መሐል ሆኖ «ቅርብ ነው፣ ላምጣው» የሚል ልጅ እንዳይኖር።

የተጎተተውን ሮቦት ሲቀበሉም ወዲያው አይጠጉት። የተመታ ባትሪ ከሰዓታት በኋላ ሊቀጣጠል ስለሚችል ሜዳ ላይ፣ ከሰውና ከተሽከርካሪ 15 ሜትር ያህል አርቀው፣ ቢያንስ አንድ ሌሊት ያሳድሩት።