ጉደኛ የጀርመን አሮጌ መኪኖች፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

የ1963 ሞዴል ቮልስ አለችኝ፤ ብርቅዬ ትባላለች? (ከአዲስ አበባ)

ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። አትባልም። ግን እንዳይሸጧት።

ሦስት ጎማ ያላት ትንሿ መኪና መሰርሽሚት ከጦርነት በተረፈ የአውሮፕላን ጣሪያ ነው የተሠራችው ይባላል፤ እውነት ነው? (ከሀዋሳ)

ተረት ነው። ከጦርነቱ በኋላ የአውሮፕላን ፋብሪካው መሰርሽሚት አውሮፕላን እንዳይሠራ ተከልክሎ ነበር፤ ፍሪትዝ ፌንድ የተባለ መሐንዲስ ደግሞ ለአካል ጉዳተኞች ትንንሽ ተሽከርካሪ ይሠራ ነበር። ሁለቱ ተገናኝተው ሬገንስቡርግ ላይ ማምረት ጀመሩ። ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ሆኖ ስለሚቀመጥባትና ጣሪያዋ ወደ ጎን ተገልብጦ ስለሚከፈት ወሬው አልጠፋ አለ።

ከወሬው ይልቅ የሚገርመው ማርሿ ነው። ከ1955 እስከ 1964 የተሠራችው የመሰርሽሚት ሞዴል ካ ኤር 200 የኋላ ማርሽ የላትም። ሞተሩን ታጠፋለህ፣ ቁልፉን ጠለቅ አድርገህ ገፍተህ ታስነሣለህ፤ 191 ሲሲዋ ሞተር በተቃራኒው ትሽከረከራለች። ስለዚህ ወደ ኋላም አራት ማርሽ አለህ። አራተኛውን መሞከር ያማረው አስቀድሞ ይናዘዝ።

አንድ የፍራንክፈርት ታክሲ ነጂ ኤን ኤስ ዩ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ የሠራትን ሮ 80 መኪና በርካሽ አግኝቷል። ሞተሩ አልነሣ ስላለ መካኒኩ «አውርደን የፎርድ ቪ 4 (ባለ አራት ሲሊንደር የፒስተን ሞተር) እንግጠምበት» ብሎታል። ምን ትላለህ ይለኛል።

አይሆንም እላለሁ፣ ወንድሜ! መካኒክህ አዲስ ነገር አላመጣም፤ በዘመኑ ብዙ ሰው ይህንኑ አድርጓል። የፎርዱ ሞተር አጭር ስለሆነ ይገባል። ከገባ በኋላ ግን ምን ያዝክ?

ይህች መኪና በ1967 ኔካርስኡልም ከተማ ካለው የኤን ኤስ ዩ ፋብሪካ ስትወጣ ዓለም ጉድ ብሏል፤ በ1968 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላለች። ሞተሯ ፒስተን የለውም፤ ባለ ሦስት ማዕዘን ሁለት ሮተሮች ይሽከረከራሉ፤ በ995 ሲሲ 115 የፈረስ ጉልበት። የፍሪሲዮን ፔዳልም የላትም፤ የማርሹን እጀታ ስትጨብጥ ውስጡ ያለች ማብሪያ ፍሪሲዮኑን ታላቅቃለች። ንዝረት የሚባል ነገር አታውቅም። ቪ 4 ስትገጥምባት የሚቀርህ ቆንጆ ላሜራ ነው።

ስሟ የጠፋው ግፊት እንዳያመልጥ በሮተሩ ማዕዘኖች ላይ በተሰኩት ማሸጊያ ብረቶች ነው። በመጀመሪያዎቹ ሞተሮች እያንዳንዱ ማሸጊያ ከአንድ ዓይነት ብረት የተሠራ ሦስት ክፋይ ነበር። መካከለኛው ቶሎ ያልቅና ግፊቱ ያመልጣል፤ 50,000 ኪሎ ሜትር ሳይሞሉ የሞቱ ሞተሮች ብዙ ናቸው። ፋብሪካው በዋስትናው መሠረት ሲቀይር ሲቀይር ኪሱ ሳሳ፤ በ1969 ቮልስዋገን አውቶ ዩኒየን ከተባለው የራሱ ኩባንያ ጋር ቀላቀለው። የሮ 80 ነጂዎች መንገድ ላይ ሲተላለፉ ስንተኛ ሞተር ላይ እንደደረሱ በጣት ይነጋገሩ ነበር ይባላል። ይሁንና መካከለኛው ክፋይ በጠንካራ ብረት ከተተካ በኋላ ነገሩ ተሻሽሏል፤ መኪናዋም እስከ 1977 ተሠርታለች። ሐሜቱ ብቻ አልቆመም።

ደግሞ ሞተሩ መሞቱን በምን አወቃችሁ? ካንዴላውና ማቀጣጠያው ታይቷል? ለፒስተን ሞተር የተሠራው መለኪያ የሮተሩን ሦስት ጎኖች ግፊት ለይቶ አያሳይም። ሮተሪ ሞተር የሚያውቅ ባለሙያ ጋ ሂድ፤ ይህን ለወግ አይደለም የምልህ። ጀርመን ተቀምጠህ እንዲህ ያለ ሰው ካላገኘህ የት ልታገኝ ነው? እሱ ሳያያት አንድ ቡሎን እንዳይፈታ።

ኢሴታ የምትባለው ትንሽ መኪና በሯ ከፊት ነው፤ ግድግዳ ተጠግታ ከቆመች በየት ይወጣል? ወደ አዲስ አበባስ ልላካት? (ከሙኒክ)

በሸራው ጣሪያ። ሁለተኛው፦ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል። የቀረውን ጉምሩክ ይጠይቁ።

አንዲት እናት ከበርሊን፦ ባለቤቷ በየብስም በውኃም የምትሄደውን መኪና አምፊካርን ሊገዛና ልጆቹን ሐይቅ ላይ ሊያንሸራሽር ነው። ትሰጥማለች ወይ?

በአግባቡ ካልተያዘች አዎ፣ እህቴ። ከ1961 ጀምሮ የተሠራች፣ ከኋላዋ ሁለት ፕሮፔለር ያላት፣ በውኃ ላይ በፊት ጎማዎቿ የምትመራ መኪና ናት። የበሩ ጎሚኒ ከደረቀ ውኃ ይገባል፤ ውኃ የሚያወጣው ፓምፕ መሥራት አለበት፤ ከውኃ በወጣች ቁጥር ግራሶ ትፈልጋለች። ከሁሉ የሚያስፈራው ሥሯ ያለው ዝገት ነው፤ በቀለም ይሸፈናል። አምፊካር የሚያውቅ ሰው ሥሯን ሳያይ አትግዙ፤ የሰፈር ጋራዥ አይበቃም። ባለቤትሽም የጀልባ ፈቃድ ያውጣ፤ ሞተሯ 38 የፈረስ ጉልበት ስላለው ያስፈልገዋል። ሻጩ «ትናንት ሐይቅ ላይ ነበርኩ» ካለ ዛሬም እሱ ይንዳት፤ እናንተ ከዳር ሆናችሁ እዩ።