መጀመሪያ ቆጠራ፣ ኋላ ነገራ

ለተማሪ ልጆቼና በቅርቡ ጠመኔ ለጨበጣችሁ ወጣት መምህራን፣

34 ዓመት አማርኛ አስተምሬ በ2016 ዓ.ም. ጡረታ ወጣሁ። ዛሬ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የምጽፍላችሁ ሙያው ኖሮኝ ሳይሆን፣ በእርሱ ሰበብ አንዲት ተማሪዬን ስለበደልኩ ነው።

የጠየቁትን ሁሉ የሚጽፈው ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ቻትጂፒቲ፣ ለሕዝብ የቀረበው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነበር። በዚያው የትምህርት ዓመት ማብቂያ ላይ አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ ስለ ሰፈሯ የጻፈችው ድርሰት ከወትሮዋ እጅግ ልቆ መጣ። በጉልት የሚቸረችሩት አሮጊት ሽንኩርቱን በመደብ በመደብ ሲደረድሩ፣ ከእያንዳንዱ መደብ አናት ላይ አንዷን ደህና አድርገው እንደሚያስቀምጡ ሳይቀር ጽፋለች። ያችን ሽንኩርት አይቼ ማመን ነበረብኝ። እኔ ግን አንድ ባልደረባዬ የማሽን ጽሑፍ ይለያል በተባለ መሣሪያ ፈትሾ የሰጠኝን ውጤት አመንኩ። «ይህን አንቺ አልጻፍሽውም» አልኳት፣ በክፍሉ ሁሉ ፊት። በማግስቱ ደብተሯን ይዛ መጣች። ሰርዝ ድልዝ የበዛበት፣ ሦስት ጊዜ የተጻፈ ረቂቅ ነው። ይቅርታውንም በክፍሉ ሁሉ ፊት ጠየቅኳት። ልጅቱ ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ እጇን አውጥታ ጥያቄ አልመለሰችልኝም።

ኋላ ነው የሰማሁት። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ እንዲህ ዓይነት መለያ በጥር 2015 አውጥቶ ነበር። ማሽን ከጻፋቸው የእንግሊዝኛ ጽሑፎች መለየት የቻለው 26 በመቶውን ብቻ እንደሆነ፣ ሰው የጻፈውንም አንዳንዴ የማሽን ነው እንደሚል ያኔውኑ አምኗል። በሐምሌ ወርም ብቃት አንሶታል ብሎ አነሣው። በእንግሊዝኛ እንዲህ ከሆነ በአማርኛ ምን ሊሆን ነው? ስለዚህ ወጣት መምህራን፣ ልጅ በመሣሪያ ቃል አትክሰሱ። ረቂቁን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ ስለጻፈው ሁለት ጥያቄ አንሡለት። የራሱ የሆነ ሰው ይናገራል። ማሽኑ ለእናንተ የሚጠቅመው በሌላ በኩል ነው፤ ስልሳ ልጅ ለታጨቀበት ክፍል ከባዱንም ቀላሉንም መልመጃ ለማዘጋጀት ያግዛችኋል። መልሱን ራሳችሁ ሠርታችሁ ሳታረጋግጡ ግን አታድሉ። የተማሪዎቻችሁን ስምና ውጤትም አታስገቡበት፤ ወላጅ አምኖ የሰጣችሁ ነው።

እናንተ ተማሪዎች ደግሞ ይህን ነገር ከምን እንደተሠራ እወቁት። ካነበበው እልፍ አእላፍ ጽሑፍ ተነሥቶ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ይገምታል። ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር ያነበበው አማርኛ ጥቂት ነው። ሲያውቅም ሲስትም ድምፁ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው ክፋቱ። በኒውዮርክ ጠበቆች እርሱ የፈጠረላቸውን፣ ከቶ ያልነበረ የፍርድ ቤት ውሳኔ ጠቅሰው አቤቱታ በማቅረባቸው በሰኔ 2015 ዓ.ም. 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ ሄደው መዝገቡን አላዩም እንጂ።

አባቴ በልጅነቱ ጎጃም ቅኔ ቤት ነበር። ተማሪው ከዛፍ ሥር ወይም ከአጥር ጥግ ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም ከራሱ ያፈልቃል፤ ጀማሪው ባለ ሁለት ቤቷን ጉባኤ ቃና ለማግኘት ቀኑን ሙሉ ሊያምጥ ይችላል። የኔታ ዘንድ ለነገራ፣ ማለትም ቅኔውን ለማሰማት፣ የሚቀርበው ከዚያ በኋላ ነው። የኔታም ያቃናሉ፣ ያርማሉ፣ ሲያሻቸው ይጥሉታል። ባዶ እጁን የመጣ ግን የሚታረምለት ነገር የለውም። ማሽኑን እንደ የኔታ አልቆጥርላችሁም፤ ቅደም ተከተሉን ግን ውሰዱት። ድርሰቱን ጻፉና «የቱ ጋ ደከመ?» በሉት። የሒሳቡን ጥያቄ ታገሉትና የቆማችሁበትን እርምጃ ጠይቁት። «ጻፍልኝ» ብላችሁ ስትጀምሩ ግን ያ የምጥ ሰዓት ይቀርባችኋል፤ ትምህርት የሚባለው ደግሞ ያ ሰዓት ነው።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ስልክ ወደማይገባበት የዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲዛወር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያን ጊዜ ቻትጂፒቲ ገና አልመጣም። ጉድለቱ የቆየ የእኛ ጉድለት ነው። እኔ የምፈራው ባማረ ጽሑፍ ተሸፍኖ እስከ ፈተናው ቀን ድረስ እንዳይታየን ነው።

ባለፈው ሰሞን አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ አሥራ አራት ዓመት የሚሆነው ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ ከስልኩ ወደ ደብተሩ ይገለብጣል። ዓይኔ አረፈበት፤ «የዓድዋ ድል በ1896 ዓ.ም.» ይላል። ማሽኑ የፈረንጁን ዓመት ወስዶ የእኛን «ዓ.ም.» ለጥፎበታል። እንዲህ ያለውን ስሕተት የኛ ሰው ካልሆነ ማን ያርመዋል?

«ፒያሳ ያለውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ አይተኸዋል?» አልኩት።

«አዎ ጋሼ፣ ከትምህርት ቤት ወስደውናል።»

«በ2017 የካቲት በዓሉ ስንተኛ ዓመት ሆኖ ተከበረ?»

ትንሽ አሰበ። «129ኛ።»

«እስኪ ቀንሰው።»

ስልኩን ገልብጦ አስቀመጠና በደብተሩ ጠርዝ ላይ ቀነሰ። 1888 ወጣለት። ደግሞ ቀነሰ፤ ያው ነው። የጻፈውን ሰርዞ አስተካከለና ቀና ብሎ አየኝ። «ታዲያ ይሄ 1896 ከየት መጣ?»

ልመልስለት አፌን ስከፍት እጁን አነሣ።

«ይቆዩ ጋሼ፣ አይንገሩኝ።»