ጠያቂ ሲመጣ

ልጆቼ፣

በሒሳብ ሥራ 31 ዓመት ቆይቻለሁ። ብዙዎቻችሁ «እምነቴን ሥራ ቦታ ላይ እንዴት ላካፍል?» ትሉኛላችሁ። መጀመሪያ የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ።

ሥራ እንደጀመርኩ ጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ጥቅስ ለጥፌ ነበር። በምሳ ሰዓት እሰብካለሁ፤ አንዳንዴ ምሳ ሰዓት ካለቀም በኋላ (ያ ሰዓት የቀጣሪዬ እንደሆነ አልታየኝም)። አንድም ሰው ግን ስለ እምነቴ ጠይቆኝ አያውቅም።

አንድ የዓመት መዝጊያ ሰሞን ሒሳቡ አልገጥም አለ። ልዩነቱ 900 ነው። ልዩነት ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ፣ የሒሳብ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው የተገለባበጠ አሃዝ ነው። ፈልጌ አገኘሁት። 4,500 የነበረው 5,400 ተብሎ ተመዝግቧል፤ የእጅ ጽሑፉም የራሴ ነው። አለቃዬ «ማነው ያበላሸው?» ሲለኝ ዓይኔ ወደ አዲሱ ልጅ ሄደ። ስሙን አልጠራሁም። «አዲስ ሰው ሲገባ ያጋጥማል» ብቻ አልኩ። ልጁ ሰማ። አንገቱን ደፍቶ መጻፉን ቀጠለ። ጥቅሱ እዚያው ተለጥፏል።

ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጠዋት አለቃዬ ጋ ገብቼ እውነቱን ተናገርኩ፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም ተቀበልኩ። ልጁንም በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። ከሳምንት በኋላ ፋይል ይዞ መጣና ቆመ። «ዝም ብትል ማን ያውቅ ነበር? ለምን ተናገርክ?» አለኝ።

ሐዋርያው ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 3 ቁጥር 15 ላይ መልስ ለመስጠት ተዘጋጁ ያለው «ለሚጠይቋችሁ» ብሎ ነው። ይህን ቃል ለዓመታት ዘልዬው ነበር። መልእክቱ የደረሳቸው በጳንጦስ፣ በገላትያ፣ በቀጰዶቅያ፣ በእስያና በቢታንያ ተበትነው የሚኖሩ፣ ክፉ አድራጊ ተብለው የሚታሙ ሰዎች ናቸው። ጎረቤት የሚያነበው ኑሯቸውን ነበር።

ዝም በሉ ማለቴ አይደለም። ጳውሎስ ቆሮንቶስ ላይ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ፣ በየሰንበቱ ደግሞ በምኩራብ ይናገር ነበር። የተሰፋው ድንኳን ቢያፈስ ግን የሰንበቱን ንግግር ማን ይሰማው ነበር? እኔ እንደምገምተው፣ ብዙም ሰው አይሰማውም።

ስለዚህ ያልሠራችሁትን ትርፍ ሰዓት አትፈርሙ። ሐሜት ሲጀመር ብድግ በሉ። «እጸልይልሃለሁ» ካላችሁ ስሙን ጻፉና ጸልዩ፤ በሳምንቱ «እንዴት ሆነልህ?» በሉት። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ ነው የምንወድቀው። አለቃ ከሆናችሁ ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ። የበታች ሠራተኛ ጸሎት ስትጋብዙት እምቢ ማለት ይከብደዋል። ጴጥሮስም እዚያው ጥቅስ ላይ «በየዋህነት» ብሏል።

ለልጁ ምን መለስኩለት? የተዘጋጀሁበት ስብከት ሁሉ ጠፋብኝ። «የማምነው ጌታ ያያል፤ ይቅርም ይላል። ስለዚህ መደበቅ አልቻልኩም» አልኩት። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።