ከክፍያ ዲሽ ወደ ኢንተርኔት ቲቪ መቀየር፦ ጥያቄና መልስ

የወርሃዊ ዲሽ ክፍያውን አቋርጠው በነጻ ጣቢያዎችና በኢንተርኔት ብቻ ለማየት ካሰቡ ቤተሰቦች የተሰበሰቡ ጥያቄዎች ናቸው። ሁሉንም የሚመለከት አንድ ማሳሰቢያ አስቀድሜ ልበል፤ አዲሱ በደንብ ሳይፈተን አሮጌውን አትቁረጡ። ሁለቱን ለአንድ ወር ጎን ለጎን አስኪዱ።

ከካዛንቺስ፦ ዲኤስቲቪ እየከፈልን ነው። ልጆቹ ከዩቲዩብ አይነቀሉም፣ እናታችን የአገር ውስጥ ድራማና ዜና ነው የምትከታተለው። ኳስ የሚያይ የለም። ብናቋርጥ ምን ይቀርብናል?

ኳስ የሚያይ ከሌለ የሚቀርባችሁ ትንሽ ነው። እናታችሁ የምትከታተላቸውን የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ያለ ወርሃዊ ክፍያ በኢትዮሳት የሳተላይት ሥርጭት ታገኟቸዋላችሁ። ክፍያው በቅድሚያ ስለሆነ ወሩ ሲያልቅ አለመሙላት ይበቃል፤ ቲቪው ላይ ኢ16 የሚል ጽሑፍ ይመጣል፣ ተቋረጠ ማለት ነው። ዲኮደሩን ግን አትሽጡት። ቁጥሩን ጻፉና አስቀምጡት፣ አንድ ቀን ልመለስ ብትሉ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ከፒያሳ፦ ጣሪያ ላይ ያለውን የዲኤስቲቪ ዲሽ ለኢትዮሳት መጠቀም ይቻላል ወይስ አዲስ ልግዛ?

ይቻላል፣ ግን እንዳለ አይሆንም። ዲኤስቲቪ 36 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው፣ ኢትዮሳት ደግሞ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ። ከአዲስ አበባ ሲታይ የመጀመሪያው አናታችን ላይ ነው ማለት ይቻላል፣ ከፍታው 79 ዲግሪ ያህል ነው። ሁለተኛው 66 ዲግሪ ላይ ሆኖ ከቀጥተኛው ምሥራቅ ወደ ደቡብ 25 ዲግሪ ገደማ ዞሮ ይገኛል። ስለዚህ ዲሹ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይዞርና የሚያይበት ከፍታ ትንሽ ዝቅ ይላል። ሳህኑ 80 ወይም 90 ሴንቲሜትር ቢሆን ይመረጣል፣ ትንሹ በክረምት ያስቸግራል።

ብዙ ሰው የሚረሳው ኤልኤንቢውን፣ ሳህኑ ፊት ለፊት የሚታሰረውን ሲግናል ተቀባይ፣ ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ሳተላይቱ ወደ ጎን በራቀ ቁጥር ኤልኤንቢው በመያዣው ውስጥ ብዙ መዞር አለበት። ከ36 ወደ 57 ሲኬድ ልዩነቱ ወደ 80 ዲግሪ ይጠጋል። ዲሹ በትክክል ዞሮ እንኳ ኤልኤንቢው በድሮው ቦታው ከቀረ ሲግናሉ ይልፈሰፈሳል ወይም ጭራሽ አይገባም። ባለ ብዙ መውጫ «ስማርት» ኤልኤንቢ ከሆነ ገመዱን «ዩኒቨርሳል» በሚለው መውጫ ላይ እሰሩ።

ሪሲቨሩ ላይ የኤልኤንቢውን ዓይነት 9750/10600 አድርጉ። ከዚያ ፍሪኩዌንሲ 11105፣ ሆሪዞንታል፣ ሲምቦል ሬት 45000 አስገቡ። የምትከታተሉት «ኳሊቲ» የሚለውን መስመር ነው። «ስትሬንግዝ» ዲሹ ባዶ ሰማይ እያየም ይሞላል፣ ስለዚህ አትመኑት። ዲሹን በጣት ስፋት ብቻ እያንቀሳቀሳችሁ በየመሃሉ ሦስት ሰከንድ ጠብቁ፤ ሪሲቨሩ ለማንበብ ጊዜ ይፈልጋል። ኳሊቲው ብቅ ሲል መጀመሪያ ዲሹን፣ ቀጥሎ ኤልኤንቢውን ቀስ እያላችሁ ከፍተኛው ላይ አድርሱና ብሎኖቹን ተራ በተራ አጥብቁ። አንዱን ብቻ አንዴ ካጠበቃችሁት ሳህኑ ያመልጣል።

ሁሉም ልክ ሆኖ ኳሊቲው ዜሮ ከሆነ ሪሲቨሩን ጠርጥሩ። አሮጌ ሪሲቨሮች ዲቪቢ ኤስ2 የሚባለውን የሥርጭት ዓይነት አያነቡም፣ አንዳንዶቹም 45000ን አይቀበሉም። ዲሹን ደጋግሞ ከማዞር በፊት የጎረቤት ሪሲቨር ተውሶ መሞከር ብዙ ድካም ያድናል።

ከአራት ኪሎ፦ አንድ ዲሽ ላይ ሁለት ኤልኤንቢ አድርገው ናይልሳትንም ኢትዮሳትንም የሚያስገቡ ባለሙያዎች አሉ ይባላል። ለምን ሁለት ዲሽ ይመከራል?

ሁለት ኤልኤንቢ በአንድ ዲሽ የሚሠራው ሳተላይቶቹ ተቀራርበው ሲቆሙ ነው። ናይልሳት 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነው። ከ57 ምሥራቅ ጋር 64 ዲግሪ ይራራቃሉ፣ አንዱ በፀሐይ መግቢያ በኩል ሌላው በመውጫዋ በኩል። ማንም ባለሙያ በአንድ ሳህን አያገናኛቸውም። ሁለት ዲሽ፣ ሁለቱን ወደ አንድ ገመድ የሚያገናኝ አንድ ዳይሴክ ስዊች፣ ወደ ሳሎን አንድ ገመድ፤ ሪሲቨሩ ላይ አንዱን ፖርት 1፣ ሌላውን ፖርት 2 ትላላችሁ። ስዊቹ ዝናብ የማያገኘው ቦታ ይታሰር።

ከሜክሲኮ፦ ለኔትፍሊክስ ስንት ፍጥነት ይበቃል? የሞባይል ፓኬጅ ያዋጣል?

ኔትፍሊክስ የሚመክረው ለፉል ኤችዲ 5 ሜጋ ቢት በሰከንድ፣ ለ4ኬ 15 ነው። ይህ ለአንድ ቲቪ ነው። ሳሎን ቲቪው፣ መኝታ ቤት ስልኩ አብረው የሚሠሩ ከሆነ ደምሩት። ፍጥነቱን የምትለኩት ደግሞ ጠዋት አይደለም፣ ሰፈሩ ሁሉ መስመር ላይ በሚሆንበት ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ነው። ፋስት ዶት ኮም ላይ ሦስት አራት ምሽት ለኩና ዝቅተኛውን ቁጥር ያዙ።

የሞባይል ፓኬጁን በተመለከተ ሒሳቡን እዩት። ኤችዲ በሰዓት እስከ 3 ጊጋ ይበላል። በቀን አራት ሰዓት ቢታይ በወር 360 ጊጋ ነው። በጊጋ ተቆጥሮ በሚሸጥ ጥቅል አይገፋም፤ ያልተገደበ የቤት መስመር ያስፈልጋል። ፋይበር ሕንፃችሁ ድረስ ከደረሰ እሱን አስቀድሙ።

ከለገሃር፦ ፋይበር ገብቶልናል፣ ስልክ ላይ ይፈጥናል፣ ቲቪው ግን ይቆራረጣል።

መስመሩ ደህና ነው፣ ችግሩ በራውተሩና በቲቪው መካከል ነው። ራውተሩ በር አጠገብ፣ ቲቪው ከሁለት የብሎኬት ግድግዳ ወዲያ ከሆነ የዋይፋዩ 5 ጊጋኸርዝ አይደርስም፤ 2.4ቱ ይደርሳል ግን በጎረቤት ዋይፋይ ይጨናነቃል። ሁነኛው መፍትሔ የላን ኬብል ዘርግቶ ቲቪው ላይ መሰካት ነው። ካልተቻለ ራውተሩን ወደ ቲቪው አስጠጉት፣ ቀጭኑን የፋይበር ገመድ ግን አታጣምሙት፤ ከ3 ሴንቲሜትር በጠበበ ክብ ከታጠፈ ብርሃኑ ይፈስና «ሎስ» የሚለው መብራት ቀይ ይሆናል።

ከመርካቶ፦ «4ኬ» የተጻፈበት አንድሮይድ ቦክስ ገዛሁ። ዩቲዩብ ጥርት ይላል፣ ኔትፍሊክስ ግን ደብዛዛ ነው። ኢንተርኔቱ ነው?

አይደለም፣ ቦክሱ ነው። ኔትፍሊክስ ኤችዲ የሚለቀው ራሱ ፈትኖ ላጸደቃቸውና ዋይድቫይን ኤል1 የሚባለው የቅጂ መከላከያ ደረጃ ላላቸው መሣሪያዎች ብቻ ነው። ርካሾቹ ቦክሶች ኤል3 ስለሆኑ ፍጥነቱ 100 ሜጋ ቢሆን እንኳ ከ480 መስመር አያልፉም። ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ሳይሆን ይህን ጠይቁ። ሻጩ ፊት «ዲአርኤም ኢንፎ» የሚባለውን አፕ ጭናችሁ ኤል1 ማለቱን እዩ፣ ኔትፍሊክስንም እዚያው ከፍታችሁ ፈትሹ።

ከቸርቸል ጎዳና፦ ክፍያውስ? ወንድሜ አሜሪካ ነው፣ የሱን አካውንት ብንጠቀምስ?

ተራው የብር ኤቲኤም ካርድ አይሠራም፤ የውጭ ምንዛሪ የተሞላበት ዓለም አቀፍ ካርድ ከባንክ ማውጣት ይጠይቃል። የወንድምህ አካውንት እንደ ድሮው አይሆንም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ኔትፍሊክስ አንድን አካውንት ለአንድ ቤት ብቻ ስላደረገው ሌላ ቤት ያለን ቲቪ ይከለክላል። ዛሬ ቢከፍት እንኳ አትመካበት።

ከስታዲየም፦ ኳስ የምናየው በየሳምንቱ ነው። በቴሌግራም በርካሽ አይፒቲቪ (በኢንተርኔት የሚመጡ የቲቪ ጣቢያዎች) የሚሸጡትን ብንይዝስ?

አትያዙ። መብት የሌለው ሥርጭት ስለሆነ በየጊዜው ይዘጋል፣ ብዙ ጊዜም ጨዋታው ሲሞቅ ነው የሚጠፋው፤ የዓመቱን አስቀድማችሁ ከፍላችሁ ከሆነ የሚመልስላችሁ የለም። ለጫናችሁት የማይታወቅ አፕም የቤታችሁን ዋይፋይ ትከፍቱለታላችሁ። ኳስ ወዳድ ቤት ሊጉ በሚካሄድባቸው ወራት ዲኮደሩን እየሞላ፣ ሊጉ ሲዘጋ ቢያቆም ይሻለዋል። ስትሞሉ ዲኮደሩ አስቀድሞ በርቶ ይቆይ፤ ጠፍቶ ከተከፈለ የመክፈቻው ትእዛዝ ያልፈውና ኢ16 አልጠፋም ይላል።

ከቴዎድሮስ አደባባይ፦ መብራት ሲሄድ ዋይፋዩ አብሮ ይጠፋል። ቲቪው ለጊዜው ይቅር፣ ልጆቹ በታብሌት እንዲጨርሱ ምን ላድርግ?

ለራውተር የሚሆን ትንሽ ባትሪ፣ ሚኒ ዩፒኤስ፣ ይበቃል። ከመግዛትዎ በፊት የራውተሩን ቻርጀር ገልብጠው ያንብቡ፤ አብዛኛው 12 ቮልት ነው፣ አምፔሩ ግን ይለያያል። 12 ቮልት 1.5 አምፔር ካለ የዩፒኤሱ መውጫ ቢያንስ ያንን መስጠት አለበት፣ ካነሰ ራውተሩ እየጠፋ ይነሣል። ፋይበሩ ከግድግዳው ሲገባ ሌላ ትንሽ ሣጥን ካለው እሱም መብራት ይፈልጋልና ለሁለቱም የሚሆን ባለ ሁለት መውጫ ይፈልጉ። ቲቪው ላይ ደግሞ ስታቢላይዘር ያድርጉ፤ ጉዳት የሚያደርሰው መብራቱ ሲመለስ ከፍ ብሎ የሚመጣው ቮልቴጅ ነው።