በራሱ የዳነ ሞተር

ልጆች፣ እንዴት ናችሁ? አውሮፕላን እንሠራለን ብላችሁ የቮልስ ሞተር የምታፈላልጉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አንዳንዶቻችሁ ጋራዤ ድረስ መጥታችሁ ቡና ጠጥተናል። ሰፈር ውስጥ «ልጁ ነካ አደረገው እንዴ?» እንደሚሏችሁም እሰማለሁ። አብሽሩ። እዚህ አገር አውሮፕላን ተሠርቶ በርሯል። «ፀሐይ» በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ተሠርታ ተነሥታለች። ሞተሯ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው የውጭ ዕቃ ነበር። ጣሊያን ወስዶ ሲያኖራት ኖሮ በጥር 2016 ዓ.ም. ተመልሳለች።

ቮልስ መምረጣችሁንም አልነቅፍም። በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ የተኙ፣ ቀለል ያለ ሞተር ነው። አውሮፓ ውስጥ በየቤታቸው ትናንሽ አውሮፕላን የሚሠሩ ሰዎች ሲገለገሉበት ኖረዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሞተሩ ትንሽ በተንተፋተፈ ቁጥር ካቻቢቴ ይዛችሁ ካርቡሬተሩ ላይ፣ ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ በሚያቀርበው ዕቃ ላይ፣ ትዘምታላችሁ።

ካርቡሬተር ያልበላውን ዕዳ ሲከፍል የሚኖር ዕቃ ነው። ጥፋቱ የእሳቱ ሆኖ፣ ፑንቲና ተቃጥሎ፣ ኮንዴንሰር ደክሞ፣ የካንዴላ ሽቦ ላልቶ፣ የሚፈታው እሱ ነው። መጀመሪያ እሳቱን እዩ። ጆሯችሁም ይረዳችኋል። እሳት ሲቋረጥ ሞተሩ ድንገት ቀጥ ይላል፣ መልሶም ድንገት ይነሣል። ቤንዚን ሲያጥረው ግን እያዘገመ ነው የሚደክመው። ቾኩን፣ አየሩን የሚያጠበውን፣ ትንሽ ሳብ ስታደርጉት ደህና ከሆነ ቤንዚን አንሶታል ማለት ነው። ከባሰበት በዝቶበታል። ካንዴላውን አውጥታችሁ እዩት። ጥቀርሻ የለበሰ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ ነጭ ከሆነ አንሷል፣ ሞተሩም እየጋለ ነው። ይህን ሁሉ ከካርቡሬተሩ አንድም ብሎን ሳትፈቱ ታውቁታላችሁ።

ከእሳቱ ቀጥሎ የቤንዚኑ መንገድ ነው። አብዛኞቻችሁ የቮልሱን ፓምፕ አውልቃችሁ ታንኩን ከፍ አድርጋችሁ ትሰቅላላችሁ። ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ይወርዳል፣ የሚበላሽ ፓምፕ የለም። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ታንኩ ከካርቡሬተሩ አንድ ሜትር ከፍ ቢል እንኳ የሚሰጣችሁ ግፊት ፓምፑ ይሰጥ ከነበረው ሲሶ ቢሆን ነው። ቤንዚን ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባባት የመርፌ ቀዳዳ ደግሞ ለፓምፕ የተለካች ጠባብ ናት። ስለዚህ ለኩት። 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ሙሉ ነዳጅ ሲሰጡት በሰዓት ከ12 እስከ 13 ሊትር ይጠጣል። አሜሪካኖች ለትናንሽ አውሮፕላኖች አውጥተውት በነበረው ደንብ፣ በክብደቱ የሚወርድ ቤንዚን ሞተሩ ከሚጠጣው አንድ ተኩል እጥፍ መውረድ ነበረበት። ይህ በ10 ደቂቃ ከ3 ሊትር በላይ ነው። ባትሪውን ንቀሉ፣ የሚያጨሰውን ጓደኛችሁን አርቁት፣ ከሥር ጀሪካን አስቀምጣችሁ ሰዓት ያዙ። አንድ ጊዜ ከቱቦው ጫፍ፣ ሌላ ጊዜ በመርፌዋ በኩል አሳልፋችሁ። ዋናው ነገር ደግሞ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ላይ አቅንታችሁ ነው የምትለኩት። ሽቅብ ሲወጣ በሚሆንበት ልክ፣ ታንኩም ሊያልቅ ሲል። መሬት ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ አውሮፕላን ጉዱን አይናገርም።

የታንኩ መተንፈሻ ቀዳዳ እንዳትረሳ። ጭቃ የምትለጥፍ ተርብ ትወዳታለች። ከተደፈነች ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ ደህና ይሠራና ይታነቃል። ክዳኑን ስትከፍቱት «ፍስስ» ካለ ሌባው ተያዘ።

ስለ ቤንዚኑም ልንገራችሁ። በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ለባጃጅም አይሆን፣ እንኳን ለሰማይ። ውሃም ሆነ ላምባ ሊኖርበት ይችላል። ወረቀት ላይ ጠብ አድርጉት። ንጹሕ ከሆነ ተንኖ ይጠፋል፤ ላምባ ካለበት የቅባት እድፍ ይተዋል። ውሃ ደግሞ ከሥር ይተኛል፣ በጠርሙስ ቀድታችሁ ብርሃን ላይ ያዙት።

አሁን ወደ ወሎ ጉዳይ ልምጣ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። በመሐል 25 ኪሎ ሜትር የማይሞላ የሐረጎ ጠመዝማዛ ነው። ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡሬተሩ ግን ይህን አያውቅም፣ ለቆላ አየር የተለካውን ቤንዚን ይሰጣል። ሞተሩ ጥቁር ያጨሳል፣ ጉልበት ያጣል። እናንተ ጎበዝ ናችሁ፣ የቤንዚኑን ቀዳዳ በጠባቡ ትለውጡና ሞተሩ ይስቃል። እሰይ! ከዚያ ለሙከራ ሜዳው ኮምቦልቻ ይሻላል ብላችሁ ጭናችሁ ትወርዳላችሁ። እዚያ አየሩ ወፍራም ነው። የደሴው ልክ ያንሰዋል። ሞተሩ መጀመሪያ ደስ ይላል፣ ድምፁም ይጠራል፣ ውስጡ ግን ይግላል። ሙሉ ነዳጅ ሰጥታችሁ ብታቆዩት ፒስተን ይበሳል። የሁለት ምት ሞተር ከሆነማ ለመንከስ፣ ፒስተኑ ተጣብቆ ለመቅረት፣ ጊዜ አይወስድበትም። ስለዚህ የምትነሡበት ቦታ ላይ አስተካክሉ፤ ባቲ ብትወርዱ ደግሞ እንደገና።

ከሁሉም በላይ ግን የምፈራላችሁ የደሴን ጉም ነው።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሞተሩ ጥዋት ይነሣል። ደህና ይሠራል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ዙሩ ቀስ እያለ ይወርዳል። ነዳጅ ጨመር ታደርጋላችሁ፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይወርዳል። ከዚያ ያስነጥስና ይጠፋል። ካርቡሬተሩን ፈታችሁ ታያላችሁ፤ ንጹሕ ነው። እፍ ብላችሁ ትገጥሙታላችሁ። በአንድ ምት ይነሣል። «ተሠራ!» ትላላችሁ፣ ትተቃቀፋላችሁ። ማን ሠራው? ማንም። በረዶ ነበር፣ ቀለጠ።

ቤንዚን ሲተን ሙቀት ይወስዳል። አየሩም በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ ይቀዘቅዛል። ሁለቱ ተደምረው ከ30 ዲግሪ በላይ ሊያወርዱት ይችላሉ። ስለዚህ ውጭው 15 ዲግሪ ሆኖ ውስጡ በረዶ ይሠራል። ለዚህ በጣም የሚመቸው ከ21 ዲግሪ በታች የሆነና እርጥበቱ ከመቶ 80 ያለፈ አየር ነው። ይህ እንግዲህ የጦሳ ተራራ ሥር፣ የደሴ ክረምት ነው። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ሲንተፋተፍ አጥፉት፣ ፕሮፔለሩ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ጠብቁ፣ ወዲያው ከካርቡሬተሩ በታች ያለውን የአየር ቱቦ ንኩት። እጅ ያቃጥላል፣ በብርድ። ጣታችሁ ባለፈበት አመዳዩ ተጠርጎ መስመር ይወጣል። ቡና እስክትጠጡ ብትዘገዩ የምታገኙት እርጥብ ብረት ብቻ ነው።

ቮልስን የሠሩት ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር። ከማርሚታው፣ ከጭስ ማውጫው፣ የሚመጣ ቀጭን ቱቦ ከአየር ቱቦው ጋር ተጠግቶ እንዲያሞቀው አድርገዋል። ደሴ ውስጥ ክረምት ላይ የምትታነቅ ቮልስ ስትመጣ ብዙ ጊዜ ያ ቱቦ በካርቦን ተደፍኖ ነው የሚገኘው። እናንተ ደግሞ ማርሚታውን ስትለውጡ ክብደት ለመቀነስ ብላችሁ ጭራሽ ቆርጣችሁ ትጥሉታላችሁ!

መልሱለት። ወይም በማርሚታው ዙሪያ በቆርቆሮ ጃኬት ሠርታችሁ ከዚያ የሞቀ አየር ወደ ካርቡሬተሩ የሚያስገባ፣ ከመቀመጫችሁ የሚሳብ በር ግጠሙ። ስትስቡት የሚሆነውንም አሁኑኑ ልመዱት። በረዶ ከሌለ ዙሩ ትንሽ ይወርድና እዚያው ይቆያል፤ የሞቀ አየር ስስ ነው። በረዶ ካለ ግን መጀመሪያ ይብስበታል። ይንቀጠቀጣል፣ ውሃ እየዋጠ ነው። ሰው ደንግጦ በሩን የሚዘጋው ያኔ ነው። አትዝጉት። በረዶው ሲያልቅ ዙሩ ራሱ ይወጣል። ለመውረድ ነዳጅ ስትቀንሱም አስቀድማችሁ ሳቡት፤ በረዶ አብዝቶ የሚሠራው ነዳጅ ስትቀንሱ የሚጠጋው የካርቡሬተሩ በር ገርበብ ሲል ነው።

መኪና ሲጠፋ ዳር ይዛችሁ ድንጋይ ጎማ ሥር ታደርጋላችሁ። ወሎ ላይ ከአውሮፕላን ወደ ታች ስታዩ ግን የሚታየው ገደልና እርከን ነው። ለዚህ ነው በራሱ የዳነን ሞተር አትመኑ የምለው። ለምን እንደታመመ ካላወቃችሁ፣ ለምን እንደዳነም አታውቁም። ይቆይ፣ ሰበቡ ይገኝ።

ሌላው ትንንሽ ነገር ነው። ካርቡሬተሩ ውስጥ የቤንዚኑን ልክ የምትጠብቀው ተንሳፋፊ ናስ ከሆነች ፍል ውሃ ውስጥ ንከሯት፤ አረፋ ካወጣች ተበስታለች። የቤንዚን ቱቦ ከማርሚታ አርቁ፣ ሲግል ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ይፈላል። መገለባበጥም አያምራችሁ፣ ተንሳፋፊ ካርቡሬተር ቀጥ ብሎ ለሚሄድ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ተዋጊዎች አፍንጫቸውን በድንገት ሲደፉ ሞተራቸው ይታነቅ ነበር። ቢያትሪስ ሺሊንግ የምትባል መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1941 ቀዳዳ ባላት ትንሽ ብረት ብዙውን ችግር አቃለለችላቸው። ሴቶች ልጆች፣ ይህችን ለእናንተ ነው ያስገባኋት። ጋራዥ ስትመጡ በር ላይ አትቁሙ፣ ግቡ።

አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ቀኑን፣ አየሩን፣ የቤንዚኑን ምንጭ፣ የለወጣችሁትን ደብተር ላይ ጻፉ። ሁለት ነገር አንድ ላይ ለውጣችሁ ከተስተካከለ የቱ እንደሠራ አታውቁም። ከመሬት ከመነሣታችሁ በፊት ሲቪል አቪዬሽንን ማነጋገር ግድ ነው። እስከዚያው ጭራውን በገመድ ከድንጋይ ጋር አስራችሁ፣ አፍንጫውን አቅንታችሁ፣ ጥዋት በጉሙ አስነሡት፤ ቀትርም ላይ ድገሙት።

ካልሆነላችሁ ኑ፣ አብረን እናያለን። ካርቡሬተሩን ግን በታትናችሁ በፌስታል ይዛችሁ እንዳትመጡ። ሞተሩ ላይ እንደተገጠመ፣ ሳይነካ፣ ቤንዚኑም ከነጀሪካኑ።