ሥጋ መቀነስ ላሰባችሁ፦ የጾሙን ገበታ የዘወትር ስለማድረግ

ያደግኩት ከደብረ ማርቆስ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ በሚርቅ የገጠር ቀበሌ ነው። በቤታችን ሥጋ የሚበላው በእንቁጣጣሽ፣ በመስቀል፣ በገናና በፋሲካ፣ ከዚያ ውጭ ደግሞ ሠርግ ወይም ተዝካር ሲገጥም ነበር። ለበዓል ቅርጫ ሲገባ ለአባቴ ከደረሰው መደብ ግማሹ በሰሞኑ ይበላል፤ ቀሪው ተዘልዝሎ ከምድጃው በላይ በተወጠረው ጠፍር ላይ ቋንጣ ይሆናል፤ ያም ቋንጣ ሽሮው ውስጥ ጣል እየተደረገ ስንት ሳምንት ይሰነብት ነበር። ወደ ውጭ አገር ከወጣሁ 26 ዓመት አልፎኛል፤ በእነዚህ ዓመታት በራሴም ሆነ በወዳጆቼ ቤት ያየሁት ትልቁ የአመጋገብ ለውጥ የበዓሉ ምግብ የዘወትር መሆኑ ነው። ሥጋው ከደመወዛችን ጋር ሲተያይ ርካሽ ነው፣ ማቀዝቀዣው ሰፊ ነው፣ ከሥራ ደክሞ ለገባ ሰው ደግሞ ጥብስ በሩብ ሰዓት ይደርሳል። ከዚያ ሐኪሙ ስለ ደም ግፊቱ፣ ስለ ኮሌስትሮሉ ወይም ስለ ሪሁ ሲያነሣበት፣ «ሥጋ ልተው ነው፤ እንዴት ልጀምር?» የሚል ስልክ ይደውልልኛል። እኔ ሥጋ ከተውኩ ዐሥር ዓመት ስላለፈኝ የማውቅ እየመሰላቸው ነው። የማውቀውን ያህል፣ በተለይም የተሳሳትኩበትን፣ እነሆ።

አብዛኛው ሰው የሚነሣው «እኛ እኮ ጾመኞች ነን፤ ምን ይከብደናል?» ብሎ ነው። አነጋገሩ ከእውነት የራቀ አይደለም። ረቡዕንና ዓርብን፣ የዐቢይ ጾምን 55 ቀን፣ ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ያለውን የነቢያት ጾም፣ የፍልሰታን 15 ቀን፣ ነነዌንና የሐዋርያትን ጾም ደምሮ የሚጾም ሰው የዓመቱን እኩሌታ ያህል ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከዕንቁላል ርቆ ያሳልፋል፤ ሽሮው፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ስልጆው፣ የሱፍና የተልባ ፍትፍቱም ለዚሁ ሲባል ተለምዶ የኖረ ሙያ ነው። ነገር ግን ጾም ይፈሰካል። እናቶቻችን ሁዳዴን በሽሮ ሲዘልቁ ከፊቱ ቅበላ፣ ከኋላው ደግሞ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾሙበት ሃምሳ ቀን ነበራቸው፤ በእነዚያ ሳምንታት እርጎው፣ አይቡ፣ ቅቤውና ዕንቁላሉ የጎደለውን ይሞላላቸው ነበር። የማይፈሰክ ጾም ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሌላ ዝግጅትም ይጠይቃል። እኔ ይህን ሳላውቅ ነው የገባሁበት።

አንድ ዓመት ፍልሰታን ጾሜ ነሐሴ 16 ቀን ሳልፈስክ ቀረሁ። ሥጋውንም፣ ወተቱንም፣ ዕንቁላሉንም በአንድ ቀን ተውኩ፤ ክብደቴ ቀነሰ፣ የደም ግፊቴ ወረደ፣ ያየኝ ሰው ሁሉ አደነቀኝ። በሦስተኛው ዓመት እግሮቼን ከጣቶቼ ጀምሮ ይነዝረኝና ይደነዝዘኝ ጀመር፤ ደረጃ ስወርድ የምረግጠው ጥጥ ይመስለኛል፤ ቁልፌን የት እንዳስቀመጥኩ እረሳለሁ። የስኳር ሕመም ስላለብኝ መጀመሪያ ያየኝ ሐኪም «ስኳሩ ነርቭህን ነክቶት ነው» ብሎ ሸኘኝ፤ ምን እንደምበላ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። ከወራት በኋላ ያየችኝ ሌላ ሐኪም ግን ደሜን አስመረመረች፤ ቫይታሚን ቢ12 እጅግ ዝቅ ብሎ ተገኘ። መርፌ እየተሰጠኝ መደንዘዙ ቀስ በቀስ ቀለል አለልኝ፤ የጣቶቼ ጫፍ ግን እስከ ዛሬ እንደ ድሮው አልሆነም።

ቢ12 የሚገኘው በሥጋ፣ በዓሣ፣ በዕንቁላልና በወተት ውስጥ ነው፤ በሽሮም፣ በጎመንም፣ በጤፍም ውስጥ የለም። ለአዋቂ ሰው በቀን 2.4 ማይክሮግራም የምትሆን ኢምንት መጠን ትበቃዋለች፤ ጉበትም ለዓመታት የሚሆን ስንቅ ስለሚያከማች ጉድለቱ ቶሎ አይታወቅም፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። በላዩ ላይ እኔ ለስኳሩ የምውጠው ሜትፎርሚን ሰውነት ቢ12ን ከምግብ የሚወስድበትን አቅም ይቀንሳል። ይህን መድኃኒት እየወሰዳችሁ ሥጋ ለመተው ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ ደማችሁንም አስመርምሩ። ወተትና ዕንቁላል ጨርሶ የሚተው ሰው ደግሞ ማንም ይሁን ማን፣ የቢ12 እንክብል ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ መውሰድ ይኖርበታል። «አባቶቻችን ያለ እንክብል ኖረዋል» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ አባቶቻችን እርጎ ይጠጡ ነበር።

ስለዚህ እኔ የምመክረው ቀስ ብሎ መሄድን ነው። ቤተ ክርስቲያን የምትስሙም ሆናችሁ የማትስሙ፣ ሙስሊምም ሆናችሁ፣ መጀመሪያ በሳምንት ሁለት ቀን ከሥጋ ነጻ አድርጉ፤ ረቡዕና ዓርብ ለብዙዎቻችን በልጅነት የለመድናቸው ስለሆኑ ይቀላሉ። እነዚያ ሲለመዱ ሰኞን፣ ማክሰኞንና ሐሙስን ጨምሩ፤ ሥጋው ለቅዳሜና ለእሑድ ይቅር፤ ከዚያ በኋላ መቀጠሉን ሰውነታችሁና ልባችሁ ይወስኑ። የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድ ቀይ ሥጋ ለሚበላ ሰው ያስቀመጠው ጣሪያ በስሎ ሲመዘን በሳምንት ከ350 እስከ 500 ግራም ነው፤ ከወዳጆቹ ጋር ቅዳሜ ማታ ሥጋ ቤት የሚቀመጥ ሰው የሳምንቱን ድርሻ በአንድ ምሽት እንደሚጨርሰው እናንተም ታውቃላችሁ። ከሁሉ አስቀድሞ መተው ያለበት ግን ቋሊማው፣ ሞርታዴላውና ሆት ዶጉ ነው፤ በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 በፋብሪካ የተዘጋጀ ሥጋን ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡ ነገሮች መድቦታል፤ ቀይ ሥጋን ደግሞ ሳያመጣ አይቀርም ከሚባሉት አስቀምጦታል። የልጆቻችን የምሳ ዕቃ በአብዛኛው የሚሞላው በዚሁ በመጀመሪያው ነው። ሥጋ መስሎ ከአኩሪ አተርና ከአተር የሚሠራውን ውድ በርገር በተመለከተ፣ ጨው የበዛበት ስለሆነ እኔ ገንዘቤን አላወጣበትም፤ የሽሮ ድስት ያለው ቤት ምን ያደርግለታል?

የብረት ማዕድን ነገር ሰፋ ያለ ንግግር ይፈልጋል። ጤፍ በብረቱ ይወደሳል፤ ከፊሉ ግን በአውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለ ስለሆነ ሰውነት እምብዛም አይጠቀምበትም። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገርም ብረቱን አስሮ ይይዘዋል። ሊጡ በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ይህ ማሰሪያ ይላላል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ በዱቄት ማንሻ ተነፍቶ የሚጋገረው የስደት እንጀራ ግን ይህ ጥቅም ይቀርበታል። ሎሚ የተጨመቀበት አዚፋ፣ ቃሪያና ቲማቲም ከምስሩ ጋር ሲበሉ ብረቱን ሰውነት እንዲወስደው ይረዳሉ። የሚጎዳን ቡናችን ነው፤ ሻይም እንደዚያው። እጅ ታጥቦ ሳያበቃ የሚጠጣ ቡና ከምግቡ ልናገኝ የሚገባንን ብረት ያስቀርብናል። ባለቤቴ ይህን ስነግራት «ቡናዬንማ አትነካም» አለችኝ፤ በኋላ ግን አብረን ስናስበው በአገራችን ሥርዓት ችግሩ ያን ያህል እንዳልነበረ ተገለጠልን። ማዕዱ ከተነሣ በኋላ ፍሬው ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ጀበናው ፈልቶና ሰክኖ አቦሉ እስኪቀዳ አንድ ሰዓት ያህል ይሄዳል። ጥፋቱ የመጣው በቁልፍ ተጭነን በግማሽ ደቂቃ ከምንቀዳው ማሽን ነው። አሁን ቅዳሜና እሑድ እርሷ ከማዕድ በኋላ ትቆላለች፤ በሥራ ቀን ደግሞ ማሽኑን ከምግብ አርቀን እንጠቀምበታለን። በወር አበባ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት በቀን 18 ሚሊግራም ብረት ስትፈልግ ለወንድ 8 ስለሚበቃው፣ ይህ ምክር ከሁሉ በላይ የሚመለከተው ለእህቶቼ ነው።

ፕሮቲን ከየት ይገኛል የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ያነሰ የሚያሳስበኝ ነው፤ ጤፍና ጥራጥሬ ባንድ ትሪ ሲቀርቡ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላለታል። ሆኖም ጎጃሜ እንደመሆኔ ስለ ግብጦ፣ ስለዚያ መራራ ጥራጥሬ፣ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ግብጦ ከደረቅ ክብደቱ ሲሶ ያህል ፕሮቲን ነው፤ ምስርም ሽምብራም አይደርሱበትም። ሌላው ወገናችን ስሙን ከሰማ የሰማው በአረቄው ይሆናል። እናቴ ትቆላውና በከረጢት ቋጥራ፣ ድንጋይ ጭና ከወንዙ ዳር ትዘፈዝፈዋለች፤ ውሃው እያጠበው ቀናት ይሰነብታል። እየሄድኩ የምቀምሰው እኔ ነበርኩ፤ አንዲቷን ፍሬ በአውራ ጣቴ ልጬ በፊት ጥርሴ ነከስ አደርጋለሁ፤ ምላሴን ከያዘኝ ተፍቼ «ገና ነው» ብዬ እመለሳለሁ። ያ ምሬት መርዝ ስለሆነ በትዕግሥት ማጣት የሚታለፍ አይደለም። እዚህ እኔ ቆልቼ በባልዲ ገላ መታጠቢያው ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፤ ጧትና ማታ ውሃውን እየለወጥኩ ምሬቱ እስኪጠፋ ሳምንት እጠብቃለሁ፤ ልጆቼም «የአባባ ወንዝ» ይሉታል። ለዚህ ጊዜ የሌለው ሰው ጣሊያኖችና ፖርቱጋሎች ከሚነግዱበት ሱቅ ምሬቱ ወጥቶለት በጨው ውሃ በጠርሙስ የታሸገውን ይግዛ፤ ጨዉን አጥቦ ይብላ። ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው ግን ግብጦም ላይስማማው ስለሚችል ይጠንቀቅ።

ከአገር ቤት ስለሚላክላችሁ ሽሮም አንድ ነገር ልበል። ጓያ ሽሮን ስለሚያጣፍጥ የሚቀላቅሉ አሉ። አልፎ አልፎ ቢበላ የሚያሰጋ አይደለም፤ ነገር ግን ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን እስከ ወዲያኛው ሽባ ሊያደርግ ይችላል፤ በድርቅ ዓመታት በአገራችን የደረሰውን ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። ሥጋ የሚበላ ሰው ሽሮን በሳምንት አንዴ ቢቀምስ ግድ የለም፤ እናንተ ግን በየቀኑ ልትበሉት ነውና፣ የምታስፈጩበትን ሰው ከሽምብራና ከአተር ወይም ከባቄላ ብቻ እንዲያዘጋጅላችሁ አጥብቃችሁ ለምኑ።

ዘይት ሌላው ወጥመድ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው፤ በቅቤው ፋንታ ዘይቱን እንደ ውሃ የሚያንቆረቁር ሰው ሥጋ ትቶ እንኳ ሊወፍር ይችላል። ሽንኩርቱን በደረቁ አቁላሉ፣ ሲይዝ ውሃ ጠብ አድርጉበት፣ ዘይቱን በማንኪያ ለክታችሁ ጨምሩ። ጨውም አዮዲን ያለበት ይሁን፤ በደጋው ጎጃም እንቅርት የነበረባቸውን እናቶች ያየ ሰው ይህን ለማስታወስ አይቸገርም። ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች፣ ከሐኪም ጋር ሳይመካከሩ ወተትና ዕንቁላል መከልከልን አልደግፍም።

የመጨረሻው ችግር የሰው ፊት ነው። እዚህ ማኅበር ላይ ወይም ልደት ላይ «ጾም ላይ ነኝ» ያለ ሰውን ማንም አይጫነውም፤ ግን ጾም ባልሆነ ቀን ይህን ማለት ውሸት ነው፤ ደግሞም ይደረስበታል። እውነቱን ተናግሮ የራስን ምስር በሳህን ይዞ መሄድ ይሻላል። ወደ ጎጃም ስትሄዱ ደግሞ ሳትነግሩ አትሂዱ። ለእናንተ የታረደን በግ አልበላም ማለት ገበታ ላይ ያለውን ሰው ሁሉ ያስከፋል፤ ወይም እንደ እኔ ወዳጅ በይሉኝታ በልታችሁ ሌሊቱን በሆድ ቁርጠት ታሳልፋላችሁ። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ደውሉ።

እኔ ባለፈው ጊዜ ለአክስቴ ስደውል መጀመሪያ «ታመምክ እንዴ ልጄ?» አለችኝ። እንዳልታመምኩ፣ ሥጋ ግን እንደተውኩ ነገርኳት። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ «በጉን ገዝቻለሁ እኮ» አለች፤ ቀጥላም «ቅቤስ ትበላለህ?» ስትል ጠየቀችኝ። ከዚያ ከሕመሙ ወዲህ ወደ ወተቱና ወደ ቅቤው ስለተመለስኩ እበላለሁ አልኳት።

«እንግዲያስ ሽሮህን በቅቤ እሠራልሃለሁ፤ በጉ ለገና ይቆያል» አለችኝ።